ለሪኩ የቀረበ ሩዝ

ሺጌኖ ማለዳ ሩዝ ስትቀቅል የመጀመሪያው ጭልፋ ወደ ሕያዋን አይሄድም። በትንሽ ስኒ ይወጣና በክፍሏ ጥግ ካለው የጸሎት መደርደሪያ ላይ፣ ከባሏና ከታናሽ ወንድሟ ፎቶግራፍ ፊት ይቀመጣል። ትንሿን ደወል መታ አድርጋ፣ እጆቿን ገጥማ፣ በሰላም ስላደረችበት ሌሊት ታመሰግናለች። ከዚያ ቁርሷን ቀማምሳ፣ ሽርጧን በጨርቅ ቋጥራ፣ በባቡር ኔሪማ ወደሚባለው የቶኪዮ ሠፈር ትሄዳለች።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ያስቸግራታል። ጎረቤቶቿ «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት «ምግብ አብሳይ ነኝ» ትላለች። «የት ምግብ ቤት?» ሲሏት «ምግብ ቤት አይደለም፤ ማንጋ የሚሣልበት ቤት ነው» ትላለች። ይስቁባታል። ነገሩ ግን እውነት ነው። በየሳምንቱ የመጽሔት ገጾችን በሥዕል ታሪክ የሚሞሉ ሰዎች ሆዳቸውን ይረሳሉ። ካልተጠሩ አይበሉም፤ ሲጠሩም ጣታቸው በቀለም እንደጠቆረ ይመጣሉ። የሚያበላቸው ብቻ ሳይሆን እየተቆጣ የሚያበላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሺጌኖ ሁለቱንም ታውቅበታለች።

የተወለደችው በሰሜን ጃፓን፣ በኢዋቴ የባሕር ዳርቻ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ ዓሣ በቆርቆሮ የሚታሸግበት ፋብሪካ ገባች። ታናሽ ወንድሟ ያሱቶ ግን እንዲማር ፈለገች። ሲመሽ ሁለቱ ከመረብ ማስቀመጫው ጣሪያ ላይ ተጋድመው ሰማዩን ያያሉ።

«አንድ ቀን እዚያ እወጣለሁ» ይላል ያሱቶ።

«እኔስ?» ስትለው፣

«አንቺማ ስንቅ ትቋጥሪልኛለሽ» ይላታል። በክርኗ ትጎስመዋለች።

ልጁ ለትምህርቱ የሚሆን ገንዘብ ለማጠራቀም በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተሳፈረ፤ በአንድ የመጸው ማዕበልም ባሕሩ ወሰደው። ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ ሺጌኖ አገባች፤ ወደ ቶኪዮ መጣች፤ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ዕድሜዋን ፈጀች፤ ባሏን ቀበረች፤ ጡረታ ወጣች። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ግን አልሆነላትም። አብሳይ እንደሚፈለግ ሰምታ ወደ ሠዓሊዋ ወደ ኡካይ ቤት ስትመጣ ማንጋ የሚባል ነገር አንብባ አታውቅም።

ማንበብ የጀመረችው ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ተረስቶ የቀረ መጽሔት ልትጥል አንስታ ገለጠችው፤ ገልጣም ቆማ ቀረች። የቤቱ ባለቤት፣ ሚትሱዮ ኡካይ፣ የምትሥለው ታሪክ ቺናሚ ስለምትባል ልጅና ስለ ታናሽ ወንድሟ ስለ ሪኩ ነበር። ሁለቱ ያለ ወላጅ በአክስት ቤት ያድጋሉ፤ አብረው ጠፈርተኛ ሆነው ጨረቃን ሊረግጡ ይማማላሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየጎተተው ከፈተና ወደ ፈተና ይሄዳሉ። ከከባድ ከባዱ ፊደል ጎን ለልጆች ተብሎ ንባቡ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ሺጌኖ በዚያ እየተመራች አነበበች። ትምህርት ቤት ሳያስተምራት የቀረውን ፊደል ሪኩና ቺናሚ አስተማሯት። እርሷም ውለታ አትረሳምና ስማቸውን በማለዳ ጸሎቷ ውስጥ አስገባች።

ሪኩ የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈ ሳምንት፣ ለደስታ ቀን እንደሚደረገው፣ ሩዙን ከቀይ ቦሎቄ ጋር ቀቅላ አቀረበች።

«ዛሬ የማን ልደት ነው?» አለ ኮጉሬ፣ ከረዳት ሠዓሊዎቹ ታላቁ።

«ሪኩ አልፏል።»

«እትዬ፣ ያሳለፍነው እኮ እኛ ነን።»

«እንግዲያስ እናንተም ብሉ።»

እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ። ከዚያ በአንዱ የብርድ ወራት ታሪኩ ማሽቆልቆል ጀመረ። በየመጽሔቱ ውስጥ አንድ የፖስታ ካርድ አለ፤ አንባቢ የወደደውን ታሪክ ምልክት አድርጎበት ይልካል። በካርዱ ቁጥር ከታች የሰነበተ ታሪክ ይዘጋል። የቺናሚና የሪኩ ታሪክ ከታች መሰንበት ጀምሮ ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ዋኩዳ፣ ሁልጊዜ ሆዱን የሚያመው ወጣት፣ ወደ ቤቱ መመላለስ አበዛ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሺጌኖ ሳህን ስትሰበስብ፣ የሻይ ኩባያውን አስቀምጦ ተናገረ።

«መምህር፣ ሪኩ ይሙት።»

በቤቱ ያለ ሁሉ መምህር የሚላት ኡካይን ነው። ከንፈሯን በጣቷ ጠረገች፤ ከንፈሯ ላይ ቀለም ቀረ።

«በሥልጠና ላይ አደጋ ይድረስበት» አለ ዋኩዳ። «ቺናሚ ፎቶግራፉን ደረቷ ላይ ይዛ ብቻዋን ትውጣ። አንባቢ ያለቅሳል። የሚያለቅስ አንባቢ ደግሞ ካርዱን ይልካል።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። መዝጋት።»

«ልጁ ምን አጠፋ?» አለች ሺጌኖ፣ ሳህኖቹን እንደያዘች።

ዋኩዳ በትሕትና ሳቀ። «እትዬ፣ ሪኩ እኮ ወረቀት ነው።»

«ወረቀት ከሆነ ሞቱ ምን ይጠቅማችኋል?»

«እትዬ ሺጌኖ» አለች ኡካይ ሳትቆጣ፣ «ሾርባው ጥሩ ነበር።»

በዚያ ቤት አነጋገር ይህ ወደ ወጥ ቤትዎ ይመለሱ ማለት ነው። ሺጌኖ ተመለሰች። የወጥ ቤት ሰው በአዳራሽ ጉዳይ እንደማይፈርድ ታውቃለች። ዕድሜዋን ሙሉም በዚሁ ኖራለች። ቢሆንም ውሃው እየፈሰሰ እጇ ከሳህኑ ላይ ቆሞ ቀረ።

በሚቀጥሉት ቀናት ፎቅ ላይ የሪኩ ሞት ሲሣል ሰነበተ። ኮጉሬ በጠቆረ ገጽ ላይ ነጭ ቀለም በጥርስ ብሩሽ እየረጨ ከዋክብት ሲሠራ ማፏጨት ልማዱ ነበር፤ አሁን ዝም ብሎ ይረጫል። ከሁሉ ታናሿ ረዳት ሚዮ ሻይ ልትወስድ ስትወርድ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምነው ልጄ?»

«ሬሳ ሣጥኑን መሣል ለእኔ ደረሰኝ።»

ሺጌኖ ሻዩን ቀዳችላት። ያን ጊዜ በልቧ ቆርጣ ነበር።

ዋኩዳ ገጾቹን የሚረከብበት ቀን ደረሰ። እንደ ልማዱ ምሳ በልቶ ሊሄድ ነው። ሺጌኖ ከደረጃው ሥር ሆና ጠራች፤ ሁሉም ተከታትለው ወረዱ፤ ከጠረጴዛው ሲደርሱም ቆሙ።

የቀረበው ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ የተቀቀለ ነጭ ፍጅልና በሰሊጥ የታሸ ቅጠል ነበር። በጠረጴዛው ራስጌ፣ ማንም በሌለበት መቀመጫ ፊት፣ ሩዝ እንደ ኮረብታ የተቆለለበት ሳህን አለ። ከሩዙ መሐል ሁለት የመብያ እንጨቶች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሕፃን ልጅ እንኳ ሳያውቅ እንጨቱን በሩዝ ላይ ቢተክል እጁን ይመታል፤ ለሰው እንዲህ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሬሳው ራስጌ ነውና።

«ዶሮው የታለ?» አለ ኮጉሬ፣ ሌላ የሚለው ስላጣ።

«ቤቱ ሐዘን ላይ ነው። እስከ አርባ ዘጠኙ ቀን ሥጋም ዓሣም እዚህ ቤት አይገባም።»

«አርባ ዘጠኝ?»

«ረዘመብኝ ካልክ ለሟቹ አንተው ንገረው።»

ሚዮ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ዋኩዳ ፊቱ አመድ መስሏል። «ይህ ነውር ነው። በሕያው ሰው ገበታ ላይ የሬሳ ሩዝ?»

«ነውሩን አንተ አትነግረኝም፣ ልጄ» አለች ሺጌኖ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ነበር የምትለው። «ያሱቶ የሚባል ወንድም ነበረኝ። ባሕሩ ሬሳውን ሲመልስልን ይህን ሩዝ ከራስጌው ያቆምኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚቆለል አውቃለሁ። ሪኩን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ፈርዳችሁበታል፤ እንግዲህ ራስጌው እዚህ ነው። እናት የለውም። አክስቱንም አምና ገድላችኋታል። ማን ያቅርብለት?»

«እትዬ፣ የሁላችንም እንጀራ ነው የተያዘው። የእርስዎም ጭምር።»

«የእኔን ተወው። ሰው ያልቅስ ካላችሁ መጀመሪያ እናንተ አልቅሱ። እያያችሁት ብሉ።»

«ሚዮ፣ አንሺው ይህን» አለ ዋኩዳ።

ሚዮ እጇን ዘረጋች።

«ማንም አያነሣውም» አለች ሺጌኖ። «የገደለው ያንሣው። ደንቡ እንዲህ ነው።»

እንዲህ ያለ ደንብ በእርሷም መንደር አልነበረም፤ እዚያው ቆማ ያወጣችው ነው። ሚዮ ግን እጇን መለሰች። ሺጌኖ ሽርጧን ቀድማ ፈትታ፣ አጥፋ፣ ከቦርሳዋ ጎን አስቀምጣለች፤ ለመባረር ተሰናድታ ነበር የጠራቻቸው። አገጯም ዝቅ አላለም።

«መምህር፣ እባክዎ እኚህን ሴትዮ ያሰናብቱ» አለ ዋኩዳ።

ኡካይ ዞራ ሄዳ ከባዶው መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አንዱን እንጨት ነቀለች፤ ሁለተኛውንም ነቀለች፤ በእነዚያው እንጨቶች መብላት ጀመረች። የተቆለለውን ሩዝ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በላችው።

«ቀዝቅዟል» አለች ስትጨርስ።

«ለሟች ስለሆነ ነው» አለች ሺጌኖ።

«ሪኩ ትኩስ ነው የሚወደው።» ኡካይ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። «አቶ ዋኩዳ፣ ገጾቹን አልሰጥዎትም።»

«ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ። ሪኩ ከአደጋው ይወጣል። ክንዱ ይሰበር፤ ክንድ ይጠገናል።»

«ይዘጉታል፣ መምህር። ላስፈራራዎት አይደለም። አውቃቸዋለሁ፤ ይዘጉታል።»

«ይዝጉት። በሕይወት እያለ ይዘጋ።»

ዋኩዳ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ቀና እያለ ይቅርታ ሲጠይቅ ይታያል፤ የሚያናግረው ሰው ባያየውም ከወገቡ ታጥፎ ነበር የሚለምነው። ሲመለስ እስከ ማግስቱ ቀትር ጊዜ አግኝቶላቸዋል። እንደ ጠላት የገባ ሰው ይህን ባላደረገ ነበር፤ ሺጌኖም ልብ አለችው። ሽርጧን መልሳ ታጠቀችና ዘይቱን ጣደች።

«አርባ ዘጠኙ ቀን እንዴት ፈጠነ እባካችሁ» አለ ኮጉሬ የዶሮው ሽታ ፎቅ ሲደርሰው። ወዲያው ማፏጨቱ ተሰማ።

ዋኩዳ አልዋሸም ነበር። ሪኩ ክንዱን ታስሮ ከሆስፒታል ሲወጣ የተላኩት ካርዶች ጥቂት ነበሩ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። የጸደዩ የቼሪ አበባ ሳይፈነዳ ታሪኩ እንዲዘጋ ተወሰነ። ዋኩዳ በስልክ ሊናገረው አልወደደም፤ ራሱ መጣ፤ ጣቢያ ላይ የተገዛ ጣፋጭ ይዞ ከበሩ ጀምሮ እጅ ነሣ። ጥቂት ክፍል ብቻ እንደቀራቸው ነገራቸው።

ሺጌኖ ከወጥ ቤት ወጥታ በኡካይ ፊት ተንበረከከች። «መምህር፣ የሁላችሁንም ሥራ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ሩዙን የበላሁት እኔ ነኝ» አለች ኡካይ። «ይነሡ፤ ጉልበትዎ ይታመማል።»

«ቺናሚና ሪኩን ጨረቃ ለማድረስ የቀረን ቦታ አይበቃም» አለ ዋኩዳ። «በማሠልጠኛው ግቢ ሰማዩን ቀና ብለው ሲያዩ እንዝጋው። እንዲህ ያለ መጨረሻም ያምራል።»

«ቀና ብሎ ማየትማ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲያዩ ኖረዋል» አለች ኡካይ። «ይደርሳሉ። ሌላውን ሁሉ ቆርጬ እጥላለሁ፤ ወሬያቸውንም ቢሆን እጥላለሁ። ይደርሳሉ።»

ኡካይ ነጭ ወረቀት ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ መንኮራኩሩን፣ ከዚያም ወደ ጨረቃዋ መሬት የሚያወርደውን መሰላል አሰመረች። መሰላሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያስወርዳል።

«ማን ይቅደም?» አለች።

«ቺናሚ» አለ ኮጉሬ። «ከመነሻውም መንገዱን የጠረገችው እርሷ ናት።»

«እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዝለሉ» አለች ሚዮ።

«በዚያ ልብስ ከዘለሉማ ሌላ ክንድ ይሰበራል» አለ ዋኩዳ። ከዚያ፣ ሳይጠየቅ፣ «ታላቅ ትቅደም። ሥርዓቱም እንዲያ ነው» አለ።

ኡካይ እርሳሷን አንሥታ ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከተች። ሺጌኖ ፍጅል እየላጠች ነበር።

«እትዬ ሺጌኖ፣ እርስዎስ?»

«እኔን ምን አገባኝ።»

«አሁን ነው የማያገባዎት?»

ሺጌኖ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሪኩ ይቅደም።»

«ታናሹ?» አለ ዋኩዳ።

«አዎ፣ ታናሹ። ታላቅ እህት ወንድሟን ከፊቷ ነው የምትፈልገው። ከኋላዋ ከሆነ በምን ታየዋለች?»

ኡካይ ከመሰላሉ የመጨረሻ እርከን ላይ የሪኩን ጫማ ሣለች። ከላይ፣ በመንኮራኩሩ በር፣ የቺናሚን ፊት አወጣች። ዓይኗ ወደ ምድርም ወደ ከዋክብትም አልሄደም፤ ቁልቁል ወንድሟ ላይ ነው። ኮጉሬ ቀስ ብሎ የከዋክብቱን ጥርስ ብሩሽ ሊያመጣ ወደ ፎቅ ወጣ።