ቴፑ ውስጥ የቀረችው ሴትዮ

ሚኒባሷን ስገዛ ካሴቱ ውስጧ ነበር። ከጃፓን አገር አገልግላ የመጣች መኪና ናት፤ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ፣ በሯ ላይ እዚህ አገር ማንም የማያነበው ጽሑፍ የተለጠፈባት። የሸጠልኝ ሰውዬ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ «ቴፑ ካሴት ነክሷል፣ አይተፋም። አትክፈተው፣ ይቅርብህ» አለኝ። እኔ ደግሞ አትክፈት የተባለ ነገር ዕረፍት ይነሳኛል። ከአምቦ ሳልወጣ ከፈትኩት። መጀመሪያ ፒያኖ መጣ። ቀጥሎ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ አጠገቤ የተቀመጠች ያህል ትዘፍን ጀመር። ትዘፍን ልበል? ይኸው፣ እስከ ዛሬ የምደናቀፈው እዚህ ቃል ላይ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። እኛ ቤት ወንጌላውያን ነን። ባለቤቴ ጌታን የተቀበለችው ልጆቻችን ሳይወለዱ ነው። እኔ ከኋላዋ ቀስ ብዬ የገባሁ ነኝ፣ ዛሬም የምቀመጠው መጨረሻው ወንበር ላይ ነው። መዝሙር የጌታ ነው፣ ዘፈን የዓለም ነው፤ በእኛ ዘንድ በሁለቱ መካከል ሌላ ሦስተኛ ነገር የለም። ባለቤቴ ደግሞ በልጅነቷ ደንዲ ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ እየተጠራች የሰርግ ዘፈን የምታወጣ ነበረች። እሷ የሌለችበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር ይላሉ ያገሯ ሰዎች። ያመነች ቀን ዘፈኑን አስቀመጠች። ከዘፈኑ ጋር ድምጿንም አብራ አስቀመጠችው። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲዘምር እሷ ታጨበጭባለች እንጂ አፏ አይከፈትም። አንድ ጊዜ ለምን ብላት፣ «ስከፍተው የድሮው ይመጣብኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም።

ታዲያ መኪናዋን በገዛሁ ሰሞን ጌዶ ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ ጋቢና ገባች። ሞተሩን ሳስነሳ ሴትዮዋም አብራ ተነሳች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ካሴቱ አልወጣ ብሏል።»

«ዘፈን ነው?»

«ቋንቋውን የት አውቄ?»

ልትዘጋው እጇን ሰደደች፣ ግን አልዘጋችውም። ጉደርን ስናልፍ፣ «መዝሙር ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«እንዲህ እየለመነ የሚዘፍን ሰው የለም። ይሄ ልመና ነው።»

እኔም ደስ አለኝ። ሙግት አልወድም።

እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ሄደ። ተሳፋሪው በመጀመሪያ አኩርፎ ነበር። «ኦቦ፣ የሚገባን ነገር ክፈትልን እንጂ» ይሉኛል። ረዳቴ የአራት ልጆች አባት ነው፣ አፉ አይዘጋም፤ «ቻይናዋ ተቀጥራ ነው የምትሠራው፣ እሷን ላባርርና እኔ ልዝፈንላችሁ?» ሲላቸው «እሷው ትሻላለች» ይላሉ። ስሟ ቻይናዋ ሆኖ ቀረ። ቆይቶ ግን ቴፑን ዘግቼ ስነዳ «ቻይናዋ የት ሄደች?» የሚል መጣ። ኔትወርክ ለወራት የጠፋ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ያለችውን አንድ ሁለት ዘፈን እስኪሰለቸው ሰምቶ ጨረሰ፤ እሷ አልሰለቸችም። አንድ የጌዶ በግ ነጋዴ አለ፣ ደረቅ ሰው ነው፣ ሦስተኛዋ ዜማ ስትመጣ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «እኔ እንጃ፣ ራሴን ይሞቀኛል» አለኝ። አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ደግሞ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ታለቅሳለች። አንድም ቃል የገባው ሰው አልነበረም እኮ። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበት አስቤበት ትቼዋለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ በር ላይ ስደርስ ግቢ ውስጥ የሚዘመር ነገር ሰማሁ። ባለቤቴ ናት፤ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች። ዜማው የካሴቱ የመጀመሪያው ነው፣ ቃሉ ግን ኦሮምኛ ነው፣ የራሷ። ጌታ ሆይ፣ ልብሴን አጥቤ እጠብቅሃለሁ፣ መቼ እንደምትመጣ አልጠየቅሁህም፣ እንደማለት ነው። ያ የልጅነት ድምጿ ወፍሮ፣ ትንሽ ሻክሮ፣ ግን ራሱ። ጀሪካኔን እንዳንጠለጠልኩ ደረቅሁ። እስክትጨርስ አልገባሁም።

የሴቶች ጸሎት ኅብረት ተማረው። ቀጥሎ መዘምራኑ ያዙት። በመጨረሻ ጌዶ ላይ የሚደረግ ትልቅ ጉባኤ ነበረና የአምቦ ሴቶች ያንን መዝሙር እንዲያቀርቡ፣ እሷም እንድትመራ ተወሰነ። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ምግብ እንኳ የምትሠራው እያንጎራጎረች ነው።

ጉባኤው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው። ጊንጪ ቆሜ ሳለሁ ሁለት ሰዎች እስከ አምቦ ኮንትራት ያዙኝ፤ የመጡበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶባቸው ነው። አንዱ የእርሻ ባለሙያ ነው፣ የእኛው አገር ሰው። ሌላዋ ከጃፓን የመጣች፣ ማሳ ስታይ የዋለች ሴት፣ ጫማዋ ጭቃ የጠጣ። ቴፑን ከፈትኩት። እንግዳዋ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ቀጥላ ከካሴቱ ጋር አብራ ማዜም ጀመረች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ቃል ሳትስት።

«ከየት አመጣኸው ትላለች» አለኝ ባለሙያው።

«ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው። ቻይናዋ እንላታለን።»

ተረጎመላት። ሳቀች ሳቀችና ብዙ ነገር ተናገረች። የካሴቱ ሴትዮ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የምትሠራ ናት አሉ። ዕድሜዋ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ዛሬም መድረክ ላይ ትቆማለች፣ አዳራሹም ይሞላል። የዚህች እንግዳ እናት በዚህ ዜማ ዕቃ እያጠበች አሳደገቻት፣ አሁን ደግሞ የእንግዳዋ ልጅ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትሰማዋለች።

«ምንድን ነው የሚለው?» አልኩ። ምነው ባልጠየቅሁ።

«አንዲት ሴት የሄደ ሰው ሸሚዝ ታጥባለች። ታሰጣለች፣ ሲመሽ አጣጥፋ ታስቀምጣለች። ይኸው ነው።»

«ሰውየው ሞቷል ወይስ ትቷት ነው?»

ጠየቀልኝ። «ግጥሙ አይናገርም ትላለች። እናቷ ሞቷል ትላለች፣ እሷ ትቷት ነው ትላለች፣ ልጇ ደግሞ ይመለሳል ባይ ናት። እስከ ዛሬ የማይጠገበው ለዚህ ነው ትላለች።»

«እንግዲህ መዝሙር አይደለም?»

ባለሙያው ሳቀ። «ዘፈን ነው፣ አባባ። ጥርት ያለ ዘፈን።»

ያን ቀን ሰው አውርጄ ሂሳብ መቀበል ረሳሁ፣ ረዳቴ ነው ሮጦ የተቀበለው። ግራ ገባኝ። ብነግራት ድምጿን መልሳ ታስቀምጠዋለች፣ ይህን ጊዜ ደግሞ ለዘለዓለም ነው። ባልነግራት ጉባኤ ፊት ዘፈን ላዘፍናት ነው። ከዚህ በላይ ያወከኝ ግን ሌላ ነበር። አንዷ በጃፓን ሸሚዝ ታጥባለች፣ አንዷ በአምቦ ሳፋ ላይ ልብስ ታጥባለች፣ ሁለቱም ይጠብቃሉ። ባለቤቴ ቋንቋውን ሳታውቅ በየት በኩል ገባላት?

ለረዳቴ አጫወትኩት። «ኦቦ፣ አንተ ሹፌር ነህ እንጂ ፓስተር አይደለህም። ንዳ» አለኝ።

አራት ቀን ነዳሁ። ሐሙስ ዕለት ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፣ እጇ ቆመ። «ሰውየው ሞቶ ነው?» አለች።

«ግጥሙ አይናገርም አሉ።»

ነጠላዋን አንስታ፣ «ተነሥ፣ ሽማግሌዎቹ ጋ እንሂድ» አለች። መንገድ ላይ፣ «ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሴ አፍ ይስሙት» ብቻ ነው ያለችኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እነሱም ግራ ተጋቡ። አንደኛው ካልሰማን አንፈርድም አለ፤ እንግዲህ ሦስቱም ከነከዘራቸው ወጥተው ሚኒባሷ ውስጥ ገቡ፣ እንደ ተሳፋሪ ተቀመጡ። እኔ ቁልፉን አዞርኩ። ባለቤቴ ውጭ ቆማ መሬት ታያለች። ቻይናዋ አንድ ጊዜ ሙሉውን ለቀቀችው። ከሦስቱ ትልቁ፣ «ቀጣዩንስ እንስማው?» አለና ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ።

በኋላ ወርደው ተማከሩና፣ «ቃሉ ያንቺ ነው፣ ጸሎት ነው፣ ዘምሪው። ዜማው የማን እንደሆነ ግን እኛም አልለየንም። ካሴቱ ይውጣ» አሉ።

«ገለቶማ» ብላ አመሰገነች፣ ድምጿ ብዙም አልተሰማም።

ቅዳሜ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቴፑን ፈትቶ ካሴቱን በደህና አወጣው። በጨርቅ ጠቅልዬ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አኖርኩት። ይውጣ ነው ያሉት፣ ይጣል አላሉም። እሁድ ጌዶ ላይ ባለቤቴ ሴቶቹን ከፊት መርታ ዘመረች። መጨረሻው ወንበር ላይ ሆኜ ሰማሁ። ጌታን ትጠብቃለች፤ እኔ ግን በዓይኔ የማየው ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ነው። ጸልዬ ልሂድ፣ አልቅሼ ልሂድ አላወቅሁም።

ስንመለስ ሴቶቹ ከኋላ እንቅልፍ ጣላቸው። መኪናዋ ጭር ብላለች፣ ቴፑ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ብቻ ነው። ጉደርን ስናልፍ ባለቤቴ ጋቢና ሆና ማንጎራጎር ጀመረች። የመጀመሪያውን አይደለም፣ ሁለተኛውን ነው፣ ቃል ያላወጣችለትን። ዘፈን እንዳልለው ቃል የለው፣ መዝሙር እንዳልለው ቃል የለው። ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ መንገዱ እንዲረዝም።

ሰርቄ ሳያት ያዘችኝ።

«ምን ታያለህ? መንገዱን እይ» አለች።

መንገዱን አየሁ። እሷም ቀጠለች።