አዲሱ አይጠብቅም

ጠበቅ ይሏታል። እርግጥ እናቷ ያወጡላት ሌላ ስም አላት፤ ግን በሄደችበት ቤት ሁሉ ብሬከር ስታስር ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ጠበቅ!» ነውና የዋናውን ስም ነገር የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። ኤሌክትሪሺያን ናት፤ በገዛ እጇ ያላጠበቀችውን ነገር አታምንም። ቧንቧ ዘግታ ከወጣች የሚከፍተው ጎረምሳ ተፈልጎ ነው። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ የማርማላታ ጠርሙስ ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ያየ ሁሉ ማን እንደከደነው አይጠይቅም።

ደግሞ አይፈረድባትም። ሥራ በጀመረች ሰሞን «መብራት እምቢ አለን» ተብላ ተጠርታ የብሬከሩን ሳጥን ብትከፍት ግማሹ ከሰል ሆኗል። ጥፋቱ የአንዲት ቪቴ ነበር። ሽቦውን ከብሬከሩ ጋር የምታስረው ቪቴ ከላላች ይግላል፤ ከጋለ ይቀልጣል፤ የቀረውን አለመናገር ይሻላል። ከዚያ ወዲህ ቪቴውን አጥብቃ፣ ሽቦውን ጎተት አድርጋ፣ «ይዟል» ሳትል ሳጥን ዘግታ አታውቅም።

ችግሩ ይህን አመሏን ለሰውም አመጣችው። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ባለሱቅ፣ ሚስቱ የሞተችበት ጭምት ሰው፣ «እንጋባ» ካላት ሰነባብቷል። ትወደዋለች። ለአንዲት አምፖል ብላ ከተማውን አቋርጣ እሱ ሱቅ የምትሄደው አምፖል በሰፈሯ ጠፍቶ አይደለም። ግን ሰውን በየትኛው ካቻቪቴ ያጠብቁታል? ፈራች። «እስቲ ላስብበት፤ ይጠብቁኝ» አለችው። እሱም ይኸው ሲጠብቅ ከረመ።

አንድ ቀን አዲስ በሚሠራ ቤት ውስጥ ሳጥን ልታስር ተቀምጣ ባለሱቁ የላከላትን ብሬከሮች ከካርቶኑ አወጣች። አገላበጠቻቸው። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ደግማ አገላበጠቻቸው።

«ጉድ ፈላ! ቪቴውን ማን በላው?»

«አዲስ የመጣ ነው እትዬ» አላት ቀለም ቀቢው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ። «ሽቦውን ልጦ መሰካት ብቻ ነው። ውስጡ ያለው የብረት ሞላ ራሱ ነክሶ ይይዘዋል።»

«ራሱ?» አለች፣ እንደተሰደበ ሰው።

ስልኳን አወጣችና አቧራ በጠጣ አውራ ጣቷ ለባለሱቁ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አዲሱ አይጠብቅም። የድሮው ካለ ዛሬውኑ ይምጣልኝ።»

ፊደላችን የማይጽፈው የለም፤ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው መለየት ላይ ግን ዝም ይላል። እሷ «ብ»ን አላልታ ነው የጻፈችው፤ ቪቴ የለውም፣ አይጠብቅም ማለቷ ነው። ባለሱቁ አጥብቆ አነበበው። ሲጠብቅ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ አዲሱ ሰውዬ ከእንግዲህ አይታገሥም ማለት ነው! ምን ዓይነት አዲስ? ከየት የመጣ? «የድሮው» የተባለው ደግሞ እሱ ራሱ ስለመሰለው ለመጠየቅም አልቆመም።

ቀለም ቀቢው አንዱን ግድግዳ ሳይጨርስ ባለሱቁ እያለከለከ ደረሰ። ጥሩ ኮቱን ለብሷል፤ ቁልፎቹ ግን ተዛንፈዋል። ጠበቅ ባዶ እጁን አየችና ተናደደች።

«የድሮው የታለ?»

«ይኸው መጣሁ።»

«እርስዎን ማን ጠራ? የድሮው ነው ያልኩት!»

«ከእኔም የቆየ አለ እንዴ?» አለ ባለሱቁ፣ ድምፁ ሰልሎ።

የቀለም ቀቢው ብሩሽ ከእጁ አምልጦ ወደቀ።

«ግድ የለም» ቀጠለ ሰውየው። «አዲሱ ማን እንደሆነም አልጠይቅም። ካልጠበቀ ይሂድ። እኔ እጠብቃለሁ። ይኸን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ ዛሬ ይደክመኛል?»

ጠበቅ ግራ ገባትና ስልኩን ተቀብላ ያነበበውን አነበበች። መጀመሪያ አላልታ፤ ከዚያ አጥብቃ። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ሳቋ ፈነዳ። ብሬከሩን አፍንጫው ሥር አድርጋ «አዲሱ ይኸውልዎ!» አለችው፤ ቀለም ቀቢውም መሰላሉን ታቅፎ ሳቀ።

ባለሱቁ አልሳቀም። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና «ያጣሁሽ መስሎኝ ነው» አለ።

«ሱቁንስ ዘግተው መጡ?»

«እንጃ። የዘጋሁት አይመስለኝም።»

ሳቋ ቆመ። ፊቷን የምታደርግበት ቢጠፋት ወደ ሳጥኑ ዞረች። አንድ ሽቦ ልጣ አዲሱ ብሬከር ውስጥ ሰካችው። ቀጭ አለ። ጎተት አደረገችው። ንቅንቅ አላለም። እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በሁለት እጇ ጎተተችው፤ ወይ ፍንክች! ማንም ሳያጠብቀው፣ ካቻቪቴ የሚባል ነገር ሳይነካው፣ በራሱ ይዟል።

ከዚያ ዞረችና የባለሱቁን እጅጌ ጨብጣ፣ ልክ እንደ ሽቦው፣ ጎተት አደረገችው። ሰውየው ነገሩ ባይገባውም እግሩን ተክሎ ቆመ። ጠንከር አድርጋ ጎተተችው። የኮቱ ስፌት ተርተር አለ እንጂ እሱ ካለበት አልተነሳም።

«ይዟል» አለች።

«ምኑ?»

«አንተ ነሃ!»

እስከዚያች ቀን ድረስ ከ«እርስዎ» ወርዳ አታውቅም። ባለሱቁ ይህችን ግን አሳስቶ አልሰማትም።