ሁለት ጣት ትርፍ

ልብስ ሰፊው አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ገላ ሲለኩ ኖረዋል፤ የለኩትን ልክ ግን እንዳለ ጽፈው አያውቁም። ሜትሩ ሰማንያ ሁለት ካለ፣ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ሰማንያ ሁለት፣ በግራ ሁለት ጣት፣ በቀኝ ሁለት ጣት ተጨምሮበት ነው። «ሰው ይወፍራል» ይላሉ፤ «ባይወፍርም ተስፋ አይቆረጥም።» ስለዚህም ሰፈርተኛው ጋሽ ሁለት ጣት የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ከእጃቸው የወጣ ሱሪ ስፌቱ እየተለቀቀ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሚታየውም በዚሁ ትርፍ ብርታት ነው።

ባለቤታቸው ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ሰባት ወር ሆነ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ደረጃ መውጣት ግን ቀርቷል። መኝታ ቤቱ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤቱን የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ የስፌት መኪናውና የጨርቁ ጥቅል ስለያዙት፣ በተረፈው ቦታ የገባው አንድ ሶፋ፣ ሶፋውም የሚያስተኛው አንድ ሰው ነው። እንዲህ ሆኖ፣ አርባ ሦስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ምንም ነገር ያልለያያቸው ባልና ሚስት በአሥራ አራት ደረጃዎች ተለያዩ።

ልብስ ሰፊው በየማለዳው ወርደው «ደኅና አደርሽ?» ይላሉ።

ሚስት ፊታቸውን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዙረው «እንግዳ መሰልኩህ እንዴ?» ይላሉ።

መፍትሔው ከጓሮ በኩል አንድ መኝታ ክፍል መቀጠል ነበር። ልብስ ሰፊው ፕላን ነዳፊ ቀጠሩ፤ ልኩን ግን እኔው ካልወሰድኩ ብለው አሻፈረኝ አሉ። ነዳፊው የተሰጠውን ቁጥር ሳይጨምር ሳይቀንስ ወረቀት ላይ አሰፈረ፤ ፕላኑም ወደ ግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ገባ። ከአምስት ሳምንት በኋላ በቀይ ብዕር ተጽፎበት ተመለሰ። ከጎረቤት ወሰን አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ቦታ ሊተው ሲገባ ስምንት ሳንቲሜትር ጎድሏል። የጽሕፈት ቤቱ ኢንጂነር መጥታ ቦታውን ስታይ ጉድለቱ ካልተስተካከለ ፋይሉ ይዘጋል፤ አዲስ ማመልከቻ የሚቀርበውም በመጪው ዓመት ነው።

«በመጪው ዓመት» አሉ ሚስት፣ ወረቀቱን አጣጥፈው እየመለሱ። «እስከዚያማ ወይ እኔ ሶፋውን እመስላለሁ፣ ወይ ሶፋው እኔን።»

ልብስ ሰፊው ሊስቁ ሞክረው አቃታቸው። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ካስማ ሲተክሉ፣ ሲባጎ ሲወጥሩና በልብስ ጠመኔ መሬቱን ሲያሰምሩ ዋሉ።

ኢንጂነሯ በሦስተኛው ቀን መጣች፤ አቧራ የጠገበ ጫማ ያጠለቀች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። የብረት ሜትሯን ከካስማ ካስማ ዘረጋች፤ ፕላኑን አየች፤ እንደገና ዘረጋች።

«አባባ፣ ይኼን ሲባጎ ማነው የወጠረው?»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

«የክፍሉ ወርድ መሬቱ ላይ ሦስት ሜትር ነው። ፕላኑ ላይ ሦስት ሜትር ከስምንት ሳንቲሜትር። የትኛውን ነው የሚሠሩት?»

«መሬቱ ላይ ያለውን ነዋ።»

«ታዲያ ስምንቷ ከየት መጣች?»

ልብስ ሰፊው እጃቸውን አዩ። ከመስኮቱ በኩል የመለሱት ሚስት ናቸው።

«የስፌት ናት። በግራ ሁለት ጣት፣ በቀኝ ሁለት ጣት። የሰርግ ቀሚሴ እስከ ዛሬ እንድወፍርለት እየጠበቀኝ ነው።»

ኢንጂነሯ የብረት ሜትሯን ጠቀለለች። «አባባ፣ ቤት ሲጠብ ተተርትሮ አይለቀቅም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እጄ ነው የማያውቀው።»

ስምንቷን ሰርዛ ፈረመችበት። ልብስ ሰፊው ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር፤ ኢንጂነሯ ግን ቀጣዩን ገጽ ገልጣ ግንባሯን ቋጠረች።

«በሩስ? ስድሳ ስምንት?»

«እሷ የምትደገፍበት ባለ አራት እግር ምርኩዝ ስፋቱ ስድሳ ነው። በግራ ሁለት ጣት...»

«ገባኝ። ደንቡ ግን ከዘጠና በታች አይፈቅድም።»

«እሷ እኮ ቀጭን ናት።»

«እሺ፣ እሳቸው ገቡ። እርስዎ የት ሆነው ነው የሚደግፏቸው?»

ልብስ ሰፊው አልጋውን ለክተዋል፤ ምርኩዙን ለክተዋል፤ ሚስታቸው ከአልጋው ተነሥተው እስከ መስኮቱ የሚራመዱትን እርምጃ ሳይቀር ለክተዋል። ራሳቸውን ግን ረስተዋል። መርሳቱም የዛሬ አልነበረም፤ ሰፈሩን ሁሉ በልኩ ያለበሱት ሰው የገዛ ኮታቸውን የሰፉት በግምት ነው፤ ያስታውቃልም።

«እስቲ እንደምትሄዱት ሆናችሁ ቁሙ» አለች ኢንጂነሯ።

ሚስት ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ወጡ። ባል በግራ በኩል ቆመው ክንዳቸውን ያዙ። ኢንጂነሯ ሜትሯን ልትዘረጋ ስትል ልብስ ሰፊው ከአንገታቸው ላይ የጨርቁን ሜትር አውርደው አቀበሏት።

«በዚህ ለኪን። ብረቱ ይቀዘቅዛል።»

«ጠጋ በል እንጂ» አሉ ሚስት። «ሕግ ፊት ነው የቆምነው።»

ጠጋ አሉ።

«ዘጠና ስምንት» አለች ኢንጂነሯ፤ ልትጽፍም ብዕሯን አነሣች። በልብስ ሰፊው ነፃ እጅ ላይ ግን ሁለት ጣቶች ከሱሪያቸው ስፌት አጠገብ ብቻቸውን ተነቃነቁ። ኢንጂነሯ ጣቶቹን አየች፤ ወረቀቱን አየች። አንድ ሜትር ከስድስት ብላ ጻፈች።

«ይቺን እንኳ ደንቡ አይከለክላትም።»

«ሰው ይወፍራል» አሉ ሚስት፣ ቁርጥ የባላቸውን ድምፅ አስመስለው።

ማኅተም ያረፈበት ፕላን በሳምንቱ መጣ፤ ክፍሉም ዝናቡ ሳይገባ አለቀ። በሩ አማረበት ያለ ሰው የለም፤ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው፤ ለሁለት ሰው ልክ ነው። ልብስ ሰፊው ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው አሥራ አራቱን ደረጃዎች ወረዱ።

በማግስቱ ማለዳ ሚስት ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ዛሬስ አልጠየቅኸኝም» አሉ።

«ምን ብዬ?»

«ደኅና አደርሽ ብለህ።»

«አብሬሽ አድሬ?»