አንድ እግር ጫማ

የአዲስ ላስቲክ ጫማ ሽታ እስከ ዛሬ አይስማማኝም። ገበያ ውስጥ ሲሸተኝ አፍንጫዬን ይዤ አልፋለሁ፤ ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ጀመራት» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ምን ያውቃሉ!

በደርግ ጊዜ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከፀዳ ወንዝ ማዶ የምንኖረውን አምስት ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንዝ የምታሻግረን የቄሱ ልጅ ነበረች፤ አሥረኛ ክፍል፣ ቀጭን፣ ቁጡ። ውሃው ጫማችንን እንዳይነጥቀን ሁለቱንም አውልቀን በእጃችን እንይዛለን፤ ነጠላዋን ይዘን በሰልፍ እንሻገራለን።

የዚያን ቀን እኛ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ደጋው ግን ጠቁሯል። «ቶሎ በሉ፣ ላይ ዘንቧል!» እያለች አጣደፈችን። ተሻገርን። አራቱ ልጆች ዳገቱን ጀመሩ። እኔ አንዱን ጫማ አጥልቄ ሌላውን ብፈልግ የለም፤ ማዶ ድንጋይ ላይ ረስቼዋለሁ። ለፋሲካ የተገዛልኝ ነው፤ ጥዬው ብገባ እናቴ ቆዳዬን ትገፈዋለች። ለማንም ሳልናገር ተመልሼ ገባሁ። ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ጫማዬን አንስቼ መሃል ስደርስ ከላይ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። የቄሱ ልጅ ከዳር «ምነው! ምነው አንቺ ልጅ!» ስትል ትዝ ይለኛል። ሮጣ ገባች፤ በብብቴ ይዛ ወደ ዳር ወረወረችኝ። ዞር ስል ደራሹ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ነበር። እሷ የለችም። ጩኸቴን ሰምተው መጀመሪያ የደረሱት እናቷ ነበሩ።

ቀበሌው ወንዙ ዳር ድንጋይ አቆመላት፤ ቀይ ኮከብ ተቀባበት፤ «አምስት ሕፃናትን ከደራሽ ውሃ ያዳነች ጀግና» ተብሎ ተጻፈ። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። በየሙት ዓመቷ እናቷ ዳቦ ሲቆርሱ መጀመሪያ የሚሰጡት ለእኔ ነበር። ሳልቀምሰው ለሌሎቹ ልጆች አሳልፌ እሰጠው ነበር።

ደርግ ወድቆ፣ ኮከቡን ዝናብ አጥቦት፣ እኔም ወልጄ ሳለሁ፣ እናቷን ድንጋዩ ዘንድ አገኘኋቸውና እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እማማ፣ ለጫማ ብዬ ተመልሼ ነው። እኔ ነኝ የገደልኋት።»

ጎንበስ አሉ። ከዚያ በክንዴ ይዘው አነሡኝ።

«ያን ቀን ስደርስ አንድ እግርሽን ተጫምተሽ፣ አንዱን ጫማ በደረትሽ አቅፈሽ ነበር። ወንዝ የሚሻገር ልጅ ሁለቱንም ያወልቃል እንጂ እንዲያ አይሆንም። ያኔውኑ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉት።

«ልጄ የሞተችልሽን ልጅ፣ ሰው እንዲጠላብኝ?»