ማሽላ ጠባቂው ሬዲዮዬ

ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሰፍሮ በነበረበት ዘመን፣ ከጀውሃ እስከ ጣርማ በር ካለው ሰው ሁሉ ሬዲዮ መሥራት የሚችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ጣሊያኖቹም ተሠርቶ የመጣላቸውን ይጠቀሙ ነበር እንጂ ሲሠሩ አላየኋቸውም።

ሬዲዮ ያሠራኝ የግሪሳ ወፍ ነው። ከየቤቱ አንድ ወንድ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ እንዲሸከም ሲታዘዝ ከእኛ ቤት እኔ ሄድኩ። አባቴ እግራቸው አብጦ እንኳን ማማ ላይ ሊወጡና ወንጭፍ ሊወነጭፉ፣ ለሶላት መነሣትም ይከብዳቸው ነበር። ማሽላችን ደግሞ እሸት ይዟል። ዓመቱን የምንበላው እሱን ብቻ ነው፤ ግሪሳ አንድ ጧት በሙሉ ካረፈበት ጉድጓድ የምናስገባው እህል አይኖርም።

በእኛ አገር፣ በቀወት ቆላ፣ የወፍ ጥበቃ ወግ አለው። አንዱ ማማ ሲጮህ ጎረቤቱ ወዲያው ይቀበለዋል፤ ከእሱም ቀጣዩ ይቀበላል። ካልተቀበለ ከዚያ የተባረረው ወፍ እሱ ላይ ያርፋል። የእኛ ማማ ዝም ስላለ ያገሩ ወፍ ሁሉ ወደ እኛ ይነዳ ጀመር።

የምሸከመውን ድንጋይ የማራግፈው ከጦር ሰፈሩ የሬዲዮ ክፍል ፊት ለፊት ነበር። የሬዲዮው ወታደር ሥራ ሲፈታ በብርጭቆ ቱቦ የብረት ብናኝ ጨምሮ ይጫወታል። ወዲያ ማዶ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲያደርግ ወዲህ ደወል ይጮኻል፤ በመካከላቸው ሽቦ የለም። አንድ ቀን አይቼው በቃኝ። እንዲያውም እሱ ያላስተዋለውን አስተዋልኩ። ካሚዮን አጠገቡ ሲነሣ ደወሉ በገዛ እጁ ጮኸ። ወታደሩ ተበሳጭቶ ካሚዮኑን ሰደበ። እኔ ግን ሞተሩም ውስጥ ብልጭታ እንዳለ ገባኝ። ማሽላችን ደግሞ ከመኪናው መንገድ ጥግ ነው፤ ካሚዮኖቹም ወፍ በሚወርድበት በጧትና በማታ ይመላለሳሉ።

ቱቦውን ከተጣለ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ሽቦውን ከተበጠሰ የስልክ መስመር፣ ባትሪውን ከሰፈሩ ቆሻሻ አገኘሁ። ሚስማር ላይ ሽቦ ጠመጠምኩ፤ ብልጭታ ሲኖር የቱቦው ብናኝ ተያይዞ የባትሪውን ኃይል ያሳልፋል፣ ሚስማሩ መዶሻ ይስባል፣ መዶሻው የጋዝ ቆርቆሮ ይመታል። ቱቦውን ከቆርቆሮው ጋር አሰርኩት፤ ሲመታ ብናኙ ተነቅንቆ ለሌላ ምት እንዲዘጋጅ። መጀመሪያ የብረት ብናኝ ብጨምርበት ግን አንዴ መትቶ ተጣብቆ ቀረ። ብናኙን መለወጥ ነበረብኝ። ግማሹን ከጣሊያን የኒኬል ሳንቲም ሞረድኩ፤ ለቀሪው ብር ያስፈልግ ነበር።

እናቴ የብር አምባሯን ስጠይቃት፣ «ለግሪሳ ልታበላው ነው?» አለች።

«ለግሪሳ አይደለም እማዬ፣ ለሬዲዮው ነው።»

«ሬዲዮም ብር ይበላል እንዴ?»

«ጥቂት ነው የሚበላው።»

አባቴ ከተኙበት፣ «ስጪው፤ ማሽላው ከተበላ አምባሩም አይተርፍም» አሏት።

በማግስቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የመጀመሪያው ካሚዮን ብቅ ሲል ማማችን ላይ የሰቀልኩት ቆርቆሮዬ ኳኳታውን ለቀቀው። የጎረቤታችን ማማ ተቀበለው፤ ከሱ ማዶ ያለው ተቀበለ፤ በአንድ አፍታ ሜዳው ሁሉ በጩኸት፣ በጅራፍና በወንጭፍ ተናጠ። እኔ የሠራሁት አንድ ቆርቆሮ እንዲመታ ነበር፤ ያዘዘው ግን ሰውን ሁሉ ነው።

ጎረቤታችን ከማማው ወርደው፣ «አባትህ በዚያ እግራቸው መቼ ወጡ?» አሉኝ።

«አልወጡም ጋሼ። ካሚዮኑ ነው የሚጠብቅልን።»

«ጣሊያን ለማሽላ ዘብ ቆመ በለኛ።»

በዚያው ሰሞን ለሰፈሩ አዲስ አዛዥ መጣ። በመኪናው ባለፈ ቁጥር ከየማማው ሰው እየተነሣ ይጮኻል፣ ወንጭፍ ያወዛውዛል። አዛዡ ምንድን ነው ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቀ። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነበር፤ ነገር እንዳይመጣ ፈርቶ፣ «እርስዎን እየተቀበሉ ነው» አለው። ከዚያ ወዲያ አዛዡ ቆቡን አውልቆ ግራና ቀኝ እጅ እየነሣ ይመላለስ ጀመር። በቀትርም፣ ያለ ጉዳይም ይመጣል። ግሪሳ የሚያርፍበት ጊዜ አጣ። እኔ ድንጋይ ተሸክሜ መኪናው ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ማሽላችን እንደዳነ አውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሬዲዮ የሠራ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ማሽላው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጉድጓድ ገባ። ማማዎቹም ባዶ ቀሩ። አንድ ቀን አስተርጓሚው ላብ በላብ ሆኖ ቤታችን መጣ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ። «አዛዡ ሕዝቡ ጠላኝ ብለው ምሳ አልበላም አሉ።»

«ታጨደ እኮ» አሉ አባቴ።

«ምኑ?»

«ማሽላው ነዋ።»

አስተርጓሚው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «ለወፍ ሲጮኹ ነው የከረሙት ልበላቸው? እናንተን ቢምሩ እኔን አይምሩኝም።»

አባቴ እግራቸውን እያሹ አሰቡ። «እንግዲያው ልጄን ከድንጋዩ ያውጡልኝ። እሱ ይጮህላቸዋል።»

በማግስቱ ትእዛዙ ደረሰ። እኔ ከድንጋይ ተሸካሚነት ወጥቼ፣ በገለባው ሜዳ መካከል ማማ ላይ ተሰቀልኩ። ከመላው ይፋት ጣሊያን ባዶ እርሻ ላይ እንዲጮህ የሾመው እኔን ብቻ ነው። ሬዲዮዬን ከሥሬ አድርጌዋለሁ፤ ቆርቆሮው ሲመታ እነሣና ወንጭፌን እያወዛወዝኩ እጮኻለሁ፤ አዛዡም ቆቡን ያወልቅልኛል። ግሪሳው ግን የወደቀውን ፍሬ እየለቀመ፣ ቀና ብሎም አያየኝም ነበር።

አባቴ ከማማው ጥላ ሥር ጋደም ብለው፣ «ቀስ ብለህ ጩህ» ይሉኛል፤ «ድምፅህን ለከርሞው ማሽላ አስቀርልን።»