ሦስተኛው አማካሪ

አክሲዮኑን የገዛሁት እቁብ በደረሰኝ ሰሞን ነው። ዳባት ላይ ልብስ እሰፋለሁ፤ ያን ጊዜ ሐሳቤ ሁለተኛ የስፌት መኪና መግዛት ነበር። ሆኖም የድሮው የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ሱቄ ድረስ መጡና ደባርቅ ላይ የብቅል ፋብሪካ ሊቋቋም እንደሆነ፣ የቦርዱም ሰብሳቢ እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። «ገብሳችን በጥሬው እየተጫነ እስከ መቼ ይሄዳል?» አሉኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ሊድረኝ ሲነሣ ቤታችን ድረስ መጥተው ያስጣሉኝ እሳቸው ናቸው። እንኳን አክሲዮን ግዢ ሌላም ቢሉኝ እሺ ከማለት አልመለስም ነበር።

በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ደባርቅ አዳራሽ ውስጥ ከኮሶዬም ከደረስጌም የመጣው ባለአክሲዮን ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ኦዲተሩ ወጪውን እያነበበ «ለአማካሪዎች ክፍያ» የሚለው ላይ ደረሰና አለፈ። ቦታውን ለማጠርና ለመደልደል ከወጣው ሁሉ ይበልጣል። ኩባንያው ደግሞ ገና አንድ ኩንታል ገብስ አልገዛም። ግራና ቀኝ ባይ ማንም አልተነቃነቀም። እጄን አወጣሁ። ተነሣሁ።

«አማካሪዎቹ ምን መከሩን?» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

አንዳንዱ ሳቀ። ከኋላዬ የተቀመጡ ነጋዴ «እህቴ፣ ጥናት እኮ ርካሽ አይደለም» አሉ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው «ቢሮ ነይ፣ አስረዳሻለሁ» አሉኝና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ።

ሳምንቱን ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። እኚያ ሰው ባይኖሩ ዛሬ በማን ጓዳ ውስጥ እንደምሆን አውቃለሁ። ባለውለታውን ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ምን ይባላል? ዝም ብልስ፣ በእኔ ምክር አክሲዮን የገዛችውን እህቴን ምን እላታለሁ?

ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ደባርቅ ገባሁ። ቢሮው አንድ ክፍል ነው፤ ብቻቸውን ነበሩ።

«ጋሼ፣ የመጣሁት ልወቅስዎ አይደለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ተቀመጪ።»

ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ። የመጀመሪያው አማካሪ መሐንዲስ ነበር። ብቅል ለመሥራት ገብሱ ስለሚዘፈዘፍ ብዙ ውኃ ይፈጃል፣ የከተማው ውኃ ደግሞ በፈረቃ ነው፤ ፋብሪካው አያዋጣም አላቸው። ቦርዱ ተቆጥቶ ሌላ አስመጣ። ሁለተኛውም ያንኑ አለ።

«ሌላስ አመጣችሁ?»

«አመጣን። ሦስተኛው ይቻላል ብሏል።»

«ውኃው ከየት መጣለት?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «እሱን አልጠየቅነውም» አሉ። «ከሁለቱ አብልጠን የከፈልነው ግን ለእሱ ነው።»

በመንገዴ ሁሉ ሳሰላስል የነበረው ብሩን ማን እንደበላው ነበር። የበላው ሰው የለም። እሺ የሚላቸውን ሰው ሲፈልጉ ነው ያለቀው።

«በየደብሩ ደጃፍ ቆሜ ነው ያስፈረምኩት» አሉኝ። «ልጆቻችሁ ሥራ ይይዛሉ እያልኩ። አሁን ተመልሼ አይሆንም ልበል?»

«እኔ ከምናገር እርስዎ ቢናገሩት ይሻላል።»

«እንቢ ብል ትናገሪያለሽ ማለት ነው?»

«እናገራለሁ ጋሼ።»

ይቆጡ ይዘኑ ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም። ተነሥተው እስከ በሩ ሸኙኝ።

ብዙም ሳይቆይ አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ። ፊታችን ቆመው ምንም ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። አዳራሹ ተረበሸ፤ ገንዘቤን መልሱ ያለም፣ የተሳደበም ነበር። አንድ አዛውንት ቄስ ብድግ ብለው «ጥፋቱን ራሱ የተናገረ ሰው አይሰደብም» ሲሉ ነው ሰዉ የበረደው። የሦስተኛው አማካሪ ውል ተቋረጠ፤ የወሰደው ግን አልተመለሰም። ፋብሪካው ቀርቶ ገብስ እየቆሉና እየፈጩ በሶ የሚያሽጉበት አነስ ያለ ሥራ እንዲጀመር ተወሰነ። ይህንንም ሐሳብ ያ የመጀመሪያው መሐንዲስ አቅርቦት ኖሯል፤ የሰማው አልነበረም እንጂ። ብዙዎች ድርሻቸውን ሸጠው ወጡ። ጋሼም ከሰብሳቢነት ወረዱ።

እኔና እህቴ ቆየን። በሶው ገበያ ወጥቷል፤ ትርፍ ግን እስካሁን አልተከፋፈልንም። አንዳንዴ በስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ሳስበው፣ ለእነዚያ ለሁለቱ የከፈልነው ያለ አግባብ የወጣ አይመስለኝም። ምክር ገዝተን ሳንጠቀምበት ቀረን እንጂ።

ጋሼ አሁንም ጉባኤ አይቀሩም፤ ሲያገኙኝም ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል። ባለቤታቸው ግን ገበያ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ አልፋለሁ። አልፈርድባቸውም።