የገብርኤል ዕለት የቆመው ወፍጮ

ድሬዳዋ፣ ከቅዳሴ ወጥቼ ቅጥሩ ውስጥ ጫማዬን ሳጠልቅ ስልኬ ጠራ። አክስቴ ነበሩ፣ ከአገር ቤት ከወገዳ። እንደ ወትሯቸው ጤናዬን ሳይጠይቁ፣ «ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ።

«ቁጭ ብያለሁ። ምን ሆናችሁ?»

«ወንድምሽን ገደሉት። ወፍጮው ደጅ ላይ፣ ሞተሩን በሚያስነሳበት ብረት።»

ወፍጮው የታላቅ ወንድሜ የብቻው ነበር። ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ስገባ ነዝንዤው ነበር።

«ወንድምዓለም፣ የአጎታችንን ልጅ በድርሻ አስገባው። ስትታመም ማን ያዞርልሃል?»

«ስታመም ወፍጮውም አብሮኝ ይተኛ» አለና ሳቀ። «ባለድርሻ ካስገባሁማ፣ ‹ገብርኤል ነውና እንዝጋ› ስለው፣ ‹የአንተን ግማሽ ዝጋ፣ የኔው ይፈጫል› ይለኛል።»

እውነቱን ነው። የአቅመ ደካማዋን ገብስ፣ የአብነት ተማሪዎቹ ለምነው ያመጡትን እህል በነጻ ሲፈጭ የሚጠይቀው አልነበረም። ግን ወፍጮውን ከሞተሩ የሚያያይዘው ቺንጋ ሲበጠስ ሌላ ሊገዛ ንፋስ መውጫ ከተማ ድረስ የሚሄደው ራሱ ነው፤ እስኪመለስ ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አንድ ክረምት ተስቦ ሲጥለው የሰፈሩ ሰው በእጅ ወፍጮ ፈጨ።

በሌላ ቀን ደጁ በሴትና በአህያ ይጨናነቃል። የዚያን ዕለት ግን ገብርኤልን አክብሮ ስለዘጋ ሰው አልነበረም። ከወንዝ ማዶ ሰዎች ለድግሳቸው ስንዴ ጭነው፣ ጠመንጃ አንግተው መጡ። ጎረቤቶቹ የሰሙት ከየአጥራቸው ሆነው ነው።

«ዛሬ አይዞርም። ነገ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ እፈጭላችኋለሁ።»

«ቤቱ ያንተ፣ ሞተሩ ያንተ። ማንን ፈርተህ ነው?»

«ባለበዓሉን።»

ቁልፉን ሰበሩ። በሩ ላይ ቆመባቸው። ብረቱን አንስተው ግንባሩን አሉት፤ ከወደቀም በኋላ ደረቱን፣ ክንዱን፣ ያገኙትን መቱት። አክስቴ ሲደርሱ መሬቱ ላይ የነበረው ዱቄት በደሙ ቦክቶ ነበር። ሞተሩም እንቢ አላቸው፤ አመሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። በንዴት ሞተሩ ላይ ጥይት አርከፈከፉና ስንዴያቸውን ጭነው ሄዱ።

መኪና አልነበረም። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ጉዞ ጀመሩ። ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፈ።

አሁን ታናሽ ወንድማችን ደሙን ልመልስ ብሎ ተነስቷል። ሽማግሌ ቢለምነው፣ ካህን መስቀል ይዞ ቢቆም አልሰማም። ደወልኩለት።

«አንቺ ከልቅሶሽ ጋር ሁኚ። የኔን ለኔ ተይልኝ።»

«ነፍስህስ?»

«ሟቹ ራሱ ‹ይቅር ብያለሁ› ሲል የሰማ ሰው ፊቴ ቆሞ ይማልልኝ። ያን ጊዜ ጠመንጃዬን እሰቅላለሁ» አለኝ።

ወንድሜ ቃሬዛው ላይ ሳለ ሲናገር እንደነበር አክስቴ ሰምተዋል። ምን እንዳለ ግን ማንም ደፍሮ አያወጣም፤ ይቅር ብሏል ያለ ሰው የገዳዮቹ ወገን ሊባል ነው።

እናንተ ቃሬዛውን የተሸከማችሁ፣ እባካችሁ። አንደበቱ ሳይዘጋ ያለውን፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ለታናሼ ንገሩት። እሱን ከፈራችሁ ለንስሐ አባታችን ንገሯቸው፣ እሳቸው ይዘዋችሁ ይሂዱ። ለኔ ስትሉ ያላለውን አትጨምሩ፤ የሐሰት መሐላ አልለምናችሁም። ብቻ ፈጥናችሁ ሂዱ፣ ስንቁን አሰርቷል።